የሰጠ ይመሰገናል፤ የመለሰስ?

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም ከሥራ ስትመለሱ ማጀቱና የልጆች ደብተር በአንድነት የሚጠብቃችሁ እናቶች፤ ዛሬ በዚህ ዓምድ የማነሣላችሁ ጉዳይ ከገበያ ዋጋና ከልጅ አስተዳደግ ጥቂት ራቅ ያለ ይመስል ይሆናል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ከሁለቱም አይርቅም። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፤ ሀብት ያፈሩ ወገኖቻችን ካገኙት ላይ ቆንጥረው ለኅብረተሰቡ ዛሬም ይሰጣሉን? ወይስ መስጠት የድሮ ሰዎች ወግ ሆኖ ቀርቷል?

ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም። በመሥሪያ ቤታችን የቡና ሰዓት ላይ ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል። አንዷ ባልደረባችን፣ «የዛሬ ሀብታም ከሰጠም የሚሰጠው ለካሜራ ነው» አለች። ሌላዋ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «ለካሜራም ቢሆን ይስጥ እንጂ! የተራበ ልጅ ዳቦውን ይበላል እንጂ ፎቶግራፉን ማን አነሣው ብሎ አይጠይቅም» ስትል መለሰች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል ብዬ አሰብሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ የጉልበት ቁርጥማት ጸንቶባት ወደ ወንዛዬ ወስጃት ነበር። ወንዛዬን ለማታውቁ፣ በደቡብ ጎንደር በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚገኝ ፍል ውኃ ነው። ጉማራ ከጉና ተራራ ሥር ተነሥቶ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው። ወደ ፍል ውኃው ከደብረ ታቦርም፣ ከፎገራም፣ ከባሕር ዳርም ሕመምተኛ ይመጣል። ከፊሉ ለቀናት፣ ከፊሉም ለሳምንታት ይሰነብታል። ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ ነው። እኛ ካረፍንበት አጠገብ ከነበሩ አንዲት አሮጊት ጋር ወሬ ጀመርንና፣ «እማማ፣ ስንቅ ያለቀበት ሰው እንዴት ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ስንቅ ካለው ሰው ጋራ ይቀመጣላ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ነገሩ መጠየቁም ገርሟቸው።

«ሀብታሞቹስ ይሰጣሉ?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ።

ፈገግ ብለው፣ «ውኃው ውስጥ ሀብታም የለም። ሁሉም ልብሱን ጥሎ ነው የሚገባው። ሀብታምነቱ የሚለየው ወጥቶ ሲለብስ ነው፤ መስጠቱም መንሣቱም ያን ጊዜ ይታያል» አሉ።

ይህ አነጋገር ብዙ ያስተምራል። በእርግጥ ፍል ውኃውን ማንም ባለጸጋ አልሠራውም፤ ለሁሉም እኩል ይፈልቃል። የሰው ሀብት ግን እንደዚያ ከመሬት አይፈልቅም። ከሠራተኛ ጉልበት፣ ከገበሬ ምርት፣ ሕዝብ በግብር ከሠራው መንገድ፣ መንግሥት ካስተማረው ባለሙያ ተጠራቅሞ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ባለጸጋው ለኅብረተሰቡ ሲሰጥ «ሰጠ» ከማለት ይልቅ «መለሰ» ማለቱ ይቀርባል። የዛሬው ወሬያችንም በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት የሚመለከት ነው።

እስቲ ከዚያው ከአገራችን ታሪክ እንጀምር። የደቡብ ጎንደር ደጋ የታወቀ የቤተ ክህነት ትምህርት አገር ነው። ቤተ ልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬና መዋሥዕት ስማቸው የተጠራ ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ከሩቅ አገር ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣውን የቆሎ ተማሪ ለብዙ መቶ ዓመታት የቀለበው ማን ነበር? ነገሥታቱና መኳንንቱ ለአብያተ ክርስቲያናት ርስትና ጉልት ሰጥተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ጉልት የገበሬ ግብር ነበር። ገበሬው ያመረተውን ባለጉልቱ ተቀበለ፤ ምስጋናውም ለባለጉልቱ ሆነ። ተማሪው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲቆም ቁራሽ እንጀራ የምታወጣለት ደግሞ ለልጆቿ ያልተረፋት የገበሬ ሚስት ነበረች። ሊቃውንቱ ያደጉት በዚያ ቁራሽ ነው። የእርሷ ስም ግን በየትኛውም ብራና ላይ አልተጻፈም። የጉልቱ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አከተመ። የቁራሿ ባለቤት ግን ዛሬም አለች።

ይህን ስል ባለጸጎችን ሁሉ በአንድ ሚዛን መክተቴ አይደለም፤ ያ ፍርድ ማጉደል ነው። እቴጌ መነን በስማቸው ያቋቋሙት የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲከፈት ሴት ልጅን ማስተማር ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ሴቶች በየመሥሪያ ቤቱና በየሆስፒታሉ መንገድ ከፍተውልናል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም ባለርስትና ባለሀብት ነበሩ። የጣልያን ወራሪ አገራችንን በያዘ ጊዜ ሀብታቸውን ለአርበኞች ስንቅና መሣሪያ አዋሉት፤ ለዚህም ታስረው ተሠቃዩ፣ እስከ ጣልያን አገርም ተጋዙ። ከእንዲህ ያሉት ሴቶች ታሪክ የምንረዳው፣ ሀብታም መስጠት ሲፈልግ ከትርፉ ብቻ ሳይሆን ከነፍሱም ሊሰጥ እንደሚችል ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በኢትዮጵያ «የበጎ አድራጎት እናት» ስንል ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚሉን ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ናቸው። ሀብታም ግን አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ተጉዘው ሳለ፣ በረኃብ በሞተች እናት አጠገብ ያገኟትን ሕፃን ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው የሰበሰቧቸው ልጆች ቁጥር 21 ደረሰ። ባለቤታቸው ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ ቢሏቸው ልጆቹን መረጡ፤ ከሞቀ ቤታቸውም ወጡ። ቆሎና እንጀራ እየሸጡ ልጆቹን አሳደጉ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም በኮሮና በሽታ ባረፉ ጊዜ፣ በሥራቸው ሕይወቱ የተለወጠው ሰው ብዛት ቀላል አልነበረም። አቶ ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያም አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሣ ያኖራል። የመቄዶንያን ሕንፃ ለማስፈጸም በተደረጉት የገንዘብ ማሰባሰቢያዎች ከባለሀብቱ ቼክ ጎን የሊስትሮው፣ የተማሪውና የጡረተኛው ገንዘብም ገብቷል።

እንግዲህ ሀብታሞቹ የት አሉ? አሉ። ለምሳሌ ጥር 2009 ዓ.ም በወልድያ የተመረቀውንና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘውን ስታዲዮም ያሠሩት ሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ናቸው። ሌሎችም ባለሀብቶች ትምህርት ቤት ያሠራሉ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያንጻሉ፣ በችግር ጊዜ ብዙ ሚሊዮን ብር ያወጣሉ። ይህን አለማመስገን ንፉግነት ነው።

ነገር ግን አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። አንድ የተወላጆች ማኅበር በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ሲያሰባስብ ለዘገባ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ደምቋል። አንድ ባለሀብት ብድግ ብለው ከፍ ያለ ገንዘብ ቃል ሲገቡ ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ሌላውም ፉክክር ይዞት ከእርሳቸው የበለጠ ቃል ገባ። ከበሩ አጠገብ ሻይ ታቀርብ የነበረች ልጅ ደግሞ በእረፍት ሰዓት ወደ ገንዘብ ያዟ ቀርባ 200 ብር አስመዘገበች፤ አላጨበጨብንላትም። ከስድስት ወር በኋላ ገንዘብ ያዟን አግኝቼ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ቃል የተገባው ገና በመንገድ ላይ ነው፤ የሻይዋ ልጅ ብር ግን በዚያው ቀን ገብቷል» አለችኝ። የማውቃቸው አንዲት የእህል ነጋዴ በበኩላቸው የአራት ሠራተኞቻቸውን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ለዓመታት ችለዋል። ስለ እርሳቸው ልጽፍ ብለምናቸው፣ «ስሜን ካወጣሽው ልጆቹ በትምህርት ቤት ያፍራሉ» ብለው ከለከሉኝ። አያችሁ ልዩነቱን? አንደኛው ወገን የሚያስበው ለራሱ ስም ነው፤ እርሳቸው ግን ለተቀባዩ ክብር ያስባሉ።

ይህ ጉዳይ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የብረት ከበርቴ አንድሩ ካርኔጊ ባለጸጋ ሀብቱን ሳያካፍል ቢሞት ውርደት ነው ብሎ ያስተምር ነበር። እርሱም በተለያዩ አገሮች ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1892 ሆምስቴድ በተባለው ፋብሪካው ሠራተኞቹ የደመወዝ ቅነሳን ተቃውመው ሲነሡ ጠባቂ ጦር ተልኮባቸው የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር ለዋለ ሠራተኛ ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርግለታል? ማንበቢያ ጊዜ፣ ለልጁም የሚያበላው ሲኖረው አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ2010 ቢል ጌትስ፣ ሜሊንዳ ጌትስና ዋረን ባፌት ባለጸጎች ቢያንስ የሀብታቸውን ግማሽ ለበጎ ሥራ እንዲያውሉ ቃል የሚያስገባ ጥሪ ጀምረዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ከስጦታው በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ሀብቱ ሲገኝ ለሠራተኛው የሚገባው ተከፍሎታል ወይ የሚለው ነው።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ሰጥቷል። ስታዲዮም አሠርቶ ነፍሰ ጡር ሠራተኛውን በሰበብ ከሚያሰናብት ባለ ፋብሪካ፣ ምንም ሳያስመርቅ የእናቶችን ፈቃድ አክብሮ የሕፃናት ማቆያ ክፍል የሚከፍት ባለ ፋብሪካ ለኅብረተሰቡ የበለጠ መልሷል። ለበጎ ሥራ የሚሰጥ ነጋዴም በ2008 ዓ.ም በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ የሚደርሰው ስጦታ በወጪ እንዲያዝለት ተፈቅዶለት ነበር። ይህም ሕዝቡ በስጦታው ውስጥ ድርሻ አለው ማለት ነው። ስለዚህ «ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ምን አገባን?» ማለት አንችልም፤ ያገባናል።

ሌላው ነገር ደግሞ የሚሰጠው ለምን ዓይነት ጉዳይ ነው የሚለው ነው። ሕንፃ ይታያል፤ ስም ይጻፍበታል፤ ሪባን ይቆረጥበታል። የማይታየው ችግር ግን ሰጪ ያጣል። ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ፤ ሁለቱም የሴቶች ጉዳይ ናቸው።

የመጀመሪያው ፊስቱላ ነው። ከመንገድ ርቃ በምጥ ለቀናት የተሠቃየች እናት ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት፣ ባል ፈቷት፣ ጎረቤት ሸሽቷት የምትኖርበት ሕመም ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው ለዚህ ሕመም ዕድሜያቸውን ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳር የተከፈተው ማዕከል ለእኛም ደጋ እናቶች መዳኛ ሆኗል። ሕክምናው በነጻ ነው። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከውጭ አገር ለጋሾች፣ ከእነዚህም መካከል የአውስትራሊያ ሴቶች ከሚያሰባስቡት ነው። የደራንና የእስቴን እናት ለማዳን ከሲድኒ ገንዘብ ሲመጣ፣ ከቅርብ ያሉት ባለጸጎቻችን ምን ያህሉን ሸክም እንደተሸከሙ መጠየቅ ይገባናል።

ሁለተኛው የሕግ ድጋፍ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 ከተቋቋመ በኋላ ጠበቃ ለመያዝ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ ይሟገት ነበር፤ የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም እንዲሻሻልም ታግሏል። በ2001 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን ማኅበሩ ሥራውን እጅግ ለመቀነስ ተገደደ። ያን ጊዜ የአገር ውስጥ ባለሀብት ክፍተቱን ቢሞላው ኖሮ ብዙ እናት ደጃፏ ባልተዘጋባት ነበር። ግን ክፍተቱ ሳይሞላ ቆየ። አዋጁም በ2011 ዓ.ም በሌላ ተተካ። ለተደበደበች ሴት ጠበቃ የሚያቆም ሰው ሪባን አይቆርጥም፤ ጭብጨባም የለውም። እውነተኛ ሰጪ የሚለየው በዚህ ጊዜ ነው።

ስጦታ መልካም ፍሬ ያፈራበትን ምሳሌም ልንገራችሁ። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ቁርስ ሳይበሉ መጥተው በክፍል ውስጥ የሚወድቁ ልጆች እንደነበሩ መምህራን ያውቃሉ። የእናት ወግ የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ለእነዚህ ልጆች ምግብ ማቅረብ ጀመረ። በኋላም የከተማው አስተዳደር ምገባውን በራሱ በጀት ይዞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስፋፋው። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። በጎ ሰው ሰጥቶ መንገዱን አሳየ፤ ከዚያም ነገሩ የደግ ሰው ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ግዴታ ሆነ። ልጁ ምሳውን ሲበላ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አንገቱን መድፋት አያስፈልገውም። የመልካም ስጦታ መጨረሻው፣ ተቀባዩን ከልመና ማውጣት ነው።

እንግዲህ እስካሁን ጣታችንን ወደ ባለጸጎቹ ቀሰርን። አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመልሰው። እኛ የደመወዝ ሰዎች ሀብታም አይደለንም ብለን እናስባለን። ነገር ግን በየቤታችን የምትሠራውን ልጅ ጠይቋት፤ በእርሷ ዐይን ሀብታሟ እናንተ ናችሁ። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አላቀፈም። ስለዚህ የእርሷ ደመወዝ፣ የእረፍት ቀኗ፣ የማታ ትምህርቷ በእኛ ኅሊና ላይ የተጣለ ነው። በወር መጨረሻ ደመወዟን ቀንና ሰዓቱን ሳናሳልፍ እንከፍላለን? ለትምህርት እንለቃታለን? ይህን ያላደረገች እመቤት ስለ ከበርቴ ንፉግነት ብታወራ ማን ይሰማታል?

ደግሞም አቅም የለንም አንበል። ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ ጀምሮ ሠራተኛው ከደመወዙ እያስቆረጠ፣ እናቶች ቦንድ እየገዙ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ለምረቃ በቃ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው። እድራችንም ለቀብር ብቻ የተሠራ አይደለም። ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ቤት በዘጋበት ዘመን፣ የሙት ልጆችን የደገፉ እድሮች በየሰፈራችን ነበሩ። በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ለተሠሩት የእናቶች ማቆያዎች እህሉንና ቅቤውን የሚያዋጡት የገጠር ሴቶች ናቸው። ለተዝካርና ለሠርግ ከምናፈሰው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ለአንድ ማቆያ ፍራሽ ቢሆን፣ ስንት እናት በሰላም ትገላገላለች!

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ለጥያቄው የእኔ መልስ ይህ ነው። ሀብታም ዛሬም ይሰጣል፤ ብዙው ስጦታ ግን የሚታየውን ይመርጣል፣ ቃሉም አንዳንድ ጊዜ ከገንዘቡ ቀድሞ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ በየእድራችሁ፣ በየተወላጅ ማኅበራችሁ ስትሰበሰቡ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቃል የተገባው ገንዘብ ገቢ ሆኗል ወይ? ሁለተኛ፣ ሰጪው ለራሱ ሠራተኛ የሚገባውን ከፍሏል ወይ? ሦስተኛ፣ ከሚሠራው ሕንፃ አጠገብ ማንም ያላየው የእናት ወይም የልጅ ችግር አለ ወይ?

በደብረ ታቦር በዓል፣ በቡሄ፣ ልጆች በየደጁ ሲጨፍሩ ሙልሙሉ የሚጋገረው ከጭፈራው በፊት ነው። እናት ልጆቹ እንደሚመጡ ስለምታውቅ አስቀድማ ታቦካለች፤ ውዳሴውን ሰምታ ዱቄት ፍለጋ አትሄድም። ባለጸጎቻችንም፣ እኛም፣ እንደዚያች እናት አስቀድመን የምናቦካ ያድርገን።